ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ

ፍላሽ የጡረተኛውን መሐንዲስ የሞት ወሬ የሰማው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰው ኪቦርድ በጥርስ ብሩሽ እየፈተገ ሳለ ነው። ስልኩን ሲያነሳ የመሐንዲሱ እህት «ወንድሜ ሞተ፣ ቶሎ ድረስ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ፍላሽ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ አንገቱ ላይ አራት አምስት የኮምፒውተር ፍላሽ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ሰፈሩ የለጠፈበት ነው። ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ በሩጫ ወጣ።

ሲደርስ ጡረተኛው መሐንዲስ አልጋቸው ላይ አንሶላ ተከናንበው ተኝተዋል። ከአልጋው አጠገብ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ከሌት ኦክስጅን ሲመግባቸው የኖረው ማሽን ጸጥ ብሏል። ገመዱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ራስጌ ባለው ሶኬት ላይ የተሰካው የሌላ ዕቃ ገመድ ነው፤ ፍላሽ ገመዱን በዐይኑ ሲከተለው ጠዋት ራሱ ሊጠግነው የመጣው አሮጌ ላፕቶፕ ጋ አደረሰው። ክው አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጋሼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

መስኮቱ ጋ የቆመች ሴት ዞር አለች። የፖሊስ መርማሪ ናት። ሃምሳን የዘለለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «መነጽሬን ያየ አለ?» የምትል ዓይነት ሴት ናት። በዚህ የሳቁባት ብዙዎች ናቸው፤ ሳቃቸውን የጨረሱት ግን እስር ቤት ነው።

«ገና ምንም ሳልጠይቅህ?» አለችው። «ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገረኝ። ጠዋት ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ላፕቶፑ ላይ ሲስተም ልጭንላቸው። ጋሼ የድሮ ሥዕሎቻቸውን ማየት ፈለጉ፤ የሕንፃ ሥዕሎች። የሚከፍታቸው ፕሮግራም የሚሠራው በድሮው ሲስተም ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተበላሽቷል። ሙሉውን መጫኛ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ለፋሁ።»

«ሙሉው ስትል?»

«አሁን የሚገኘው መጫኛ ትንሽ ነው፤ ሌላውን ከኢንተርኔት እየጎተተ ነው የሚጭነው። ይሄ ላፕቶፕ ደግሞ ከማርጀቱ የተነሳ ኢንተርኔቱ አያውቀውም። ስለዚህ ከሀ እስከ ፐ ፍላሽ ላይ ያለ መጫኛ ያስፈልግ ነበር። አንዱን አገኘሁ፣ ግማሹ ጎድሎ። ሌላው የሌላ ሞዴል ሆነ። በመጨረሻ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። እሱም ‘ጊዜዬ አልፏል’ ብሎ እምቢ ሲለኝ፣ የላፕቶፑን ቀን ስምንት ዓመት ወደኋላ መለስኩትና ጀመረልኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ልክ አራት ሰዓት። እሳቸው መድኃኒታቸውን ውጠው ሊያሸልባቸው ነበር። ‘እስኪያልቅ አብረኸኝ ቁጭ በል፣ የማሳይህ ነገር አለ’ አሉኝ። እኔ ግን ደንበኛ በስልክ እየነዘነዘኝ፣ ‘ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ከሰዓት እመለሳለሁ’ ብዬ ወጣሁ።» ወደ ሶኬቱ ዞረ። «የትኛው ሶኬት ላይ እንደሰካሁት አላስታውስም። እየተጣደፍኩ ነበር።»

መርማሪዋ ዝቅ ብላ ማሽኑን አየችው። ጎኑ ላይ ያለው ማጥፊያ ወደ ታች ተጫኗል።

«ይህን ማን ነካ?»

ማንም አልነካም። ቀጥላ ላፕቶፑን አየች፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ባትሪው ይሠራል?»

«ኧረ ከሞተ ቆይቷል። ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ድርግም ነው።»

«ሥራውንስ ይመዘግባል? የት የት እንደደረሰ?»

«በየደቂቃው ይጽፋል።» እንዴት እንደሚከፈት በቃል ነገራት። መርማሪዋም አመስግናው ወደ ኮሪደሩ አስወጣችውና በሩን ዘጋች። ምን እንዳነበበች ለማንም አልተናገረችም።

ፍላሽ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በሐሳቡ እጁን ወደ በሩ ኋላ ወዳለው ሶኬት ይልካል፤ መልሶ ወደ አልጋው ራስጌ ይልካል። ሁለቱም እውነት ይመስሉታል። ቆይታ መርማሪዋ ወጥታ ወደ ታች ወረደች፤ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ከሟች እህት ጋር ስትነጋገር ይሰማዋል።

«እትዬ፣ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ልብስ እያጠብኩ ነበር። አራት ተኩል አለፍ ሲል አንድ ነገር ጢጥ ጢጥ እያለ ጮኸ። ልጁ ሲወጣ ‘ኮምፒውተሩ ቢጮህም አትንኩት፣ ይበላሻል’ ብሎኝ ነበር። ትንሽ ጮኾ ዝም አለ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። በሰባት ሰዓት ሾርባ ይዤ ስወጣ...»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ ማጠቢያው ሲሽከረከር ነው የዋለው።»

«ሰውስ መጥቶ ነበር?»

«የወንድሜ የድሮ ምክትል ብቻ ነው በሩን ከፍቶ የሚገባ፤ ቤተኛ ነው። ዛሬ ግን አላየሁትም።»

ፍላሽ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሰማ። «አትንኩት» ያለው እሱ ነው።

ምክትሉ ከሰዓት በኋላ መጣ። በሥራ ዘመናቸው የመሐንዲሱ ምክትል ስለነበር ስሙ እንደዚያው ቀርቷል፤ ዛሬ ግን የራሱ ትልቅ ቢሮ ያለው ሰው ነው። ያለቅሳል፤ መሐረቡ ግን ደረቅ ነው። ለመርማሪዋ አራት ተኩል ገደማ መጥቶ ከውጭ በር እንዳንኳኳ፣ የሚከፍትለት ቢያጣ እንደተመለሰ ነገራት። ፍላሽን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ልጅ ቤትህ አታስገባ ብዬው ነበር። አባቱ በያጅ ነበር፤ የገበያ አዳራሹን ጣሪያ በግዴለሽነት በይዶ ስድስት ሰው የጨረሰ። ግዴለሽነት በዘር ይወርዳል ማለት ይኸው ነው።»

ፍላሽ አንገቱን ደፋ። ጣሪያው ሲወድቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ብቻ ነው የኖሩት፤ ብየዳ የሚሰጣቸው ጠፍቶ የሰው በር እያንኳኩ። ለዚህ ስድብ ፍላሽ መልስ ኖሮት አያውቅም፤ ዛሬ ደግሞ እውነት ነው ብሎ ተቀበለው።

«ታዲያ እርስዎ እንዴት ሆነ ይላሉ?» አለች መርማሪዋ።

«ግልጽ አይደለም እንዴ? ኢንተርኔቱ ተቋርጦበት መጫኑ ግማሽ ላይ ቀረ። ልጁም ሶኬቱ የተበላሸ መስሎት የኦክስጅኑን ነቅሎ የራሱን ሰካ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ ቃል በቃል ጻፈችው። «መነጽሬን ግን ያየ አለ?» አለችና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አልጋው ባዶ ነው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ወንድሜ» አለችው ፍላሽን፣ «ያንን መጫኛ እንደገና አስጀምረው።»

«አሁን?»

«አሁን። ሥዕሎቹ አሉ አይደል?»

«አሉ፤ ለብቻ ነው የተቀመጡት፣ መጫኑ አይነካቸውም።» ላፕቶፑን በሩ ኋላ ያለው ሶኬት ላይ ሰካና አስጀመረው። ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መንፏቀቅ ጀመረ። ምክትሉ ሰዓቱን አየ፤ ብዙ ሥራ አለብኝ አለ። ማንም አልሰማውም።

«ትናንት ሁላችንም ያየነው አንድ ሥዕል ነው» አለች መርማሪዋ። «የኦክስጅኑ ገመድ መሬት ላይ፣ የላፕቶፑ በቦታው። የቸኮለ ሰው ሥራ ይመስላል። ልጁ ራሱ እንኳ አምኗል። ግን ይህ ማሽን መብራት ሲቋረጥበት ይጮሃል፤ ትናንት ማታ ነቅዬ ሞክሬዋለሁ። ዝም የሚለው ማጥፊያውን ሲጫኑት ነው። እትዬ፣ የሰሙት ጩኸት ወዲያው ቆመ አላሉኝም?»

እህትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የኦክስጅኑ ነበር?»

«የኦክስጅኑ ነበር። የቸኮለ ሰው ገመድ ሊያሳስት ይችላል። ጩኸት ሰምቶ፣ ማጥፊያ ፈልጎ፣ ተጭኖ፣ በሽተኛውን ትቶ የሚወጣ ግን አልተሳሳተም።»

መስመሩ ሩቡን አልፏል።

«ማን ነው እንግዲህ? መጫኑ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የትናንቱ ግን ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ላይ ተቆርጧል። መዝጊያ ቃል የለው፣ የስህተት ምልክት የለው፣ ቃል እንደመዋጥ ነው። ይህ የሚሆነው መብራት ሲቋረጥበት ነው፤ የቤቱ መብራት ደግሞ አልጠፋም። ልጁ ከመጀመሪያው ራስጌ ላይ ሰክቶት ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይነካው እስከ መጨረሻው በሄደ። ስለዚህ የሰካው ሌላ ቦታ ነው፤ በሠላሳ አራተኛው ደቂቃ አንድ ሰው ነቅሎ አዛወረው።»

«ቀኑ ስምንት ዓመት ወደኋላ የተመለሰ ኮምፒውተር ነው የሚመሰክረው?» ሲል ምክትሉ ሳቀ።

«ቀኑ ሐሰት ነው። ደቂቃዎቹ ግን ተራቸውን ጠብቀው ነው የሄዱት። ልጁ አራት ሰዓት ላይ ጀመረ፤ አራት ከሃያ ላይ ሱቁ ነበር፤ ሲነዘንዘው የነበረው ደንበኛ እስከ ስድስት ሰዓት ከአጠገቡ አልተለየም። ደግሞስ ባትሪው የሞተ መሆኑን የሚያውቅ ሰው መሃል ላይ ነቅሎ ሊያዛውረው? ያዛወረው ስለ ባትሪው የማያውቅ ሰው ነው። ጥፋቱን በልጁ ሊያላክክ አስቦ ሲነቅለው ስክሪኑ ድርግም አለበት። ደነገጠ፤ ለምን እንደጠፋ ግን አልገባውም። ቤቱ ሲሄድ አንድ ምክንያት ፈጠረለት።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «‘ኢንተርኔቱ ተቋርጦ መጫኑ ግማሽ ላይ ቀረ’ አሉኝ። ይህ መጫኛ ኢንተርኔት አይነካም፤ ለዚህ ነው ልጁ ሦስት ሳምንት የለፋው። መጫኑ አለመጨረሱን ደግሞ ልጁ አያውቅም፣ እትዬም አያውቁም። ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ስክሪኑ ሲጠፋ ፊቱ የቆመ ሰው ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።»

ምክትሉ ወደ በሩ አየ፤ ፖሊሱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«እሱን ሰው ለምን ይገድለዋል?» አሉ እህትየው እያለቀሱ። «ወንድሜ ማንን በደለ?»

«ምክትሉ ይህን ላፕቶፕ እንድትጥሉት ስንት ጊዜ ለመኗችሁ?»

እህትየው ቀስ ብለው ወደ ምክትሉ ዞሩ። «አዲስ እገዛለታለሁ፣ ይህን አሮጌ ስጡኝ... በየወሩ ነበር የሚለኝ።»

ሁሉም መስመሩን ያያሉ፤ ምክትሉም ያያል። መስመሩ ዳር ደረሰ፣ ላፕቶፑ ጠፍቶ በራ። ፍላሽ የሥዕሎቹን ማኅደር አገኘና አንዱን ነካው። ገና ስክሪኑ ነጭ እንደሆነ፣ አንድ ፊደል እንኳ ሳይታይ፣ ምክትሉ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«የፈረመው እኮ እሱ ነው! ብቻዬን አይደለሁም፣ ፊርማው የሱ ነው!»

ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። የገበያ አዳራሹ ጣሪያ ሥዕል ተከፈተ። የብረቱ ውፍረት አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ተብሎ ተጽፎ፣ በምክትሉ ስም ስድስት ተደርጓል፤ «ወፍራሙ ለምርቃቱ ቀን ስለማይደርስ» ይላል። ከሥሩ የመሐንዲሱ ፊርማ አለ። ከፊርማው በታች በቅርብ ዓመታት የተጨመረ ማስታወሻ ነበር፤ መርማሪዋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«በያጁ ሦስት ጊዜ ቢሮዬ መጥቶ ‘ይህ ብረት ቀጭን ነው፣ ይወድቃል’ ብሎኛል። ሦስቴም ‘አንተ በይድ፣ መሐንዲሱ እኔ ነኝ’ ብዬ መልሼዋለሁ። ስድስቱን ሰዎች የገደልነው እኔና ምክትሌ ነን። ይህን በአንደበቴ ለልጁ መንገር አለብኝ።»

ምክትሉን ይዘውት ወጡ። ፍላሽ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አብረኸኝ ቁጭ በል ያሉት ለዚህ ኖሯል።

«እትዬ፣ አትንኩት ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ቆይቶ።

«የሰማሁት ደግሞ እኔ ነኝ ልጄ። ደረጃው አሥራ አንድ እርከን ነው፤ አልወጣሁትም።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን አጠፈች። «ለዚህ የምጽፈው የሕግ አንቀጽ የለኝም» አለች። ሁለቱንም አንዴ አየቻቸውና ወጣች።

ፍላሽ ሱቁ አልተመለሰም። በቀጥታ እናቱ ቤት ሄደ። እናቱ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቆሞ እያለ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት፤ አሥራ ሁለቱን፣ ስድስቱን፣ አባቱ ሦስት ጊዜ ቢሮ መመላለሳቸውን። ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እኔማ መች ተጠራጠርኩ» አለች።

«እማዬ...»

«አባትህ ሥራ አጥቶ ማታ ማታ ሲገባ ከገበታ ትነሳ የነበርከው አንተ ነህ። እሱም ያይህ ነበር፤ ምንም አይልም።» ሸሚዙን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ሊሞት ሲል ‘ልጁ አመነኝ ወይ?’ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ብዬ ዋሸሁት።»