የመሀለኛው ስም

«አባ፣ ዛሬውኑ ቢመጡልን» አለ እስክንድር በስልክ፣ ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ። «ሰማንያ ቀን አንጠብቅም። ሐኪሞቹም…» ድምፁ ተቆረጠ።

ሶልያና የእህቷን የልደት ፎርም መሙላቷን አቆመች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሳ ታውቃለች። ከዚያ በፊት ቄስ የሚጠራው ለምን እንደሆነም ታውቃለች።

እህቷ የተወለደችው ከትናንት በስቲያ፣ ጊዜዋ ገና ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው። አሁን እናታቸው ከወሊዱ ደክማ በሌላ ክፍል ስትተኛ፣ እሷ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆስፒታል ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን ተኝታለች። የሶልያና የትምህርት ቤት ቦርሳ እንኳ ከእሷ ይከብዳል። እግሯ ላይ ያለው ማሰሪያ «ቤቢ ገርል» ይላል። ስም የላትም።

ስም ያጣችው ስም ጠፍቶ አይደለም። አባት የእናቱን ስም፣ «የዓለምዘርፍ» ይላል። እናት «ሐሴት» ትላለች። አምስት ወር ሙሉ ቤቱ ፓርላማ ሆኖ ከረመ። ሶልያናም ድምፅ ሰጥታለች፤ ያውም እንዴት ያለ! እሁድ እራት ላይ «የዓለምዘርፍ ከምትባል ባትወለድ ይሻላታል! ስኩል ውስጥ ይስቁባታል!» ብላ ሳህኗን ገፍታ ተነሳች። ማክሰኞ እናቷን አምቡላንስ ወሰዳት።

ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ጎረቤታቸው እትዬ ውቢት አጠገቧ ተቀምጠው በመነጽራቸው ሥር ፎርሙን አዩ።

«ፈርስት ኔም ባዶ፣ ሚድል ኔም ባዶ። እስካሁን ምን ስትጽፊ ነበር አንቺ?»

«እትዬ፣ የድሮ ስም ለሕፃን አይከብድም?»

«ያቺ ጠቃጠቆ ያላት ጓደኛሽ ማን ነበር ስሟ?»

«ሄዘል።»

«ያቺ ረጅሟስ?»

«ፐርል።»

«እኔ አሌክሳንድሪያ፣ የአረጋውያን ቤት የምጦራቸው አሮጊቶች ሁሉ ሄዘልና ፐርል ናቸው! የፈረንጅ አያት ስም ፋሽን ሲሆን የእኛዎቹ ምን በደሉ?»

ሶልያና ልትስቅ ስትል ዕንባዋ ቀደማት። «እትዬ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳት። ባትወለድ ይሻላል ብያለሁ።»

እትዬ ውቢት መነጽራቸውን አወለቁ። «ነይ ወዲህ። በቃል ቢሆን የእኔ ልጅ አንዴም አትተርፍም ነበር። ስንቴ ‹ድፍት በይ› ብያታለሁ! ይኸው ጌይተርስበርግ ተቀምጣ እኔኑ ትቆጣለች።»

ሶልያና ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ወዲያው ሕፃኗ ካለችበት ክፍል መስታወት ማዶ አንድ መሣሪያ ጮኸ። ነርሷ ሮጠች። ሶልያና መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት ላይ ጩኸቱ ቆመ። ነርሷ ዞራ አውራ ጣቷን አሳየቻቸው። ለአሁኑ ማለቷ ይሁን ለሁልጊዜው፣ አልታወቀም።

ሶልያና ፎርሙን ጭኗ ላይ አስተካከለች። በመጀመሪያው ቦታ «የዓለምዘርፍ» ብላ ጻፈች፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ሣጥኑን ሞልቶ ሊፈስ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ ሚድል ኔም። የእኛ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሳያስብ የአባት ስም ይሞላል፤ የእሷም «ሶልያና እስክንድር ንጋቱ» ነው። ትንሽ አሰበችና «ሐሴት» ብላ ጻፈች። መጨረሻው ላይ የአያቷን ስም፣ «ንጋቱ»ን አስገባች።

አባቷ ስልኩን ዘግቶ መጣ። «ቄሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ» አለና ፎርሙን አየ። «የኔስ ስም?» አለ።

«ቦታ አልበቃም፣ አባዬ። እማዬ እንዳትቀር ብዬ ነው።»

የእናቱን ስም በጣቱ ዳሰሰው። «ይሁን» አለ፤ «እኔ ቆሜም እሄዳለሁ።» ፈረመ።

ሶልያና እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ገባች። በሣጥኑ ክብ ቀዳዳ አንድ ጣቷን አስገብታ የእህቷን መዳፍ ነካች። ታሞቃለች።

«እማዬ ስትነቃ እሁድ ያልኩትን እነግራታለሁ» አለች በሹክሹክታ። «አንቺ ግን አሁን ስሚኝ። የዓለምዘርፍ።»

የስሙ መጨረሻ ተዋጠባት። ወደ ሣጥኑ ተጠጋችና አንዲት ፊደል ሳትውጥ፣ ቀስ ብላ ደግማ ጠራቻት።