ቀዳዳ ያላት ካርድ

አዛውንቱ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው የተገኙት ረፋድ ላይ ነበር። ሻያቸው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘ፤ ከእጃቸው ስር ደግሞ በገዛ ጽሕፈታቸው የተጻፈች አንዲት ካርድ።

ጡረታ ለመውጣት ሁለት ሳምንት የቀራት መርማሪ መነጽሯን አጥልቃ አነበበቻት።

«ሪሊንኩዊሽ። ፍቺ፦ የያዙትን በፈቃድ መልቀቅ። አገባብ፦ በመደበኛ ጽሑፍ፤ ‹ደክሞኛል፤ ሁሉን በፈቃዴ ትቻለሁ።› ምንጭ፦ ወደ ኋላ መተው ከሚል የላቲን ቃል።»

«ስንብት ነው» አለ ምክትል አዘጋጁ አንገቱን ደፍቶ። «ሰው በኖረበት ሙያ ይሰናበታል።»

የሟቹ ልጅ በሩን ተደግፋ ቆማለች። «እኔንም ትቶኝ ሄደ ማለት ነው?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ በየቤቱ ሰምታዋለች፤ አልለመደችውም እንጂ።

ወደ ታይፒስቷ ክፍል ገብታ ወንበር ሳበች። «እስቲ ካርድ እንዴት እንደምትሠሩ ንገሪኝ።»

«ጋሼ ይጽፋሉ፤ የቃሉን ምንጭ ምክትሉ ፈልጎ ያስጽፋቸዋል፤ እኔ ገልብጬ እተይባለሁ። ያለቀው ካርድ ከግርጌው ይበሳና መሳቢያ ውስጥ ባለው ዘንግ ይሰካል። ዘንጉ ይቆለፋል።»

«ቁልፉስ?»

«አንድ ነው፤ እሱም ምክትሉ ዘንድ። ጋሼ እኮ ያለቀውን ሁሉ ካልሰረዝኩ ባይ ናቸው! ‹ከእኔ ደብቁልኝ› ብለው ራሳቸው ሰጡት።» ልትስቅ ጀምራ እንባዋ ቀደማት። «ዛሬ ግን ቁልፉን መልስ ብለውት ነበር፤ አልሰጣቸውም። እሱ የሠራቸውን የቃላት ምንጮች እንደ አዲስ ሊያጣሩ ፈልገው ነው።»

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ምክትሉን፣ ታይፒስቷንና ልጅቱን ጠረጴዛው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩን አንዷ አፈላች፣ አንዱ ተሸከመ፣ አንዷ አቀረበች። ስለዚህ ሻዩ ምንም አይነግረኝም። ይህቺ ግን ትናገራለች» አለችና ካርዷን ወደ መስኮቱ አነሣች። ከግርጌዋ አንዲት ክብ ብርሃን ወጣች። «ዛሬ የተጻፈች ብትሆን ባልተበሳች። አልቃ፣ ተሰክታ፣ ተቆልፎባት ነበር። ጋሼ ቁልፍ የላቸውም፤ ሊያወጧት አይችሉም። ታዲያ ማን አወጣት?»

ምክትሉ ቀዳዳዋን አፍጥጦ አያት። ሃያ ዓመት ካርድ ሲበሳ ኖሮ፣ የቀዳዳዋ መኖር ከዓይኑ ጠፍቶ ነበር።

«ምንጮቹን ከራሴ እየፈጠርኩ ጻፍኳቸው» አለ በመጨረሻ። «ደክሞኝ ነበር። ማን ያነበዋል ብዬ። ሊያጋልጡኝ ሆነ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ከወጡ በኋላም ልጅቱ ዓይኗን ካርዷ ላይ ተክላ ቀረች። «‹ሁሉን ትቻለሁ› ያለው ግን እሱ አይደለም?»

«የቃሉን አገባብ ለማሳየት የተጻፈች ዓረፍተ ነገር ናት፣ ልጄ። እሳቸው ሲጽፏት የነበረችው ይህቺን ነው።» ከወንበሩ ስር ያገኘቻትን ሌላ ካርድ ዘረጋችላት። ቀዳዳ የላትም። ፍቺው ተሞልቷል፤ አገባቡም። ‹ምንጭ› ከሚለው ፊት በእርሳስ አንድ ቃል ብቻ ሰፍሯል፦ «ይጣራ።»

ልጅቱ ጽሑፉን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሥራ ላይ ነበር» አለች።