ራሱን ያደሰው የእናታችን ውል

ይህን የምጽፈው ሰው ላስፈራራ ብዬ አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቱኒስ ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ፍሬኑን ከነዳጁ ከማይለይ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ነው። በቀላሉ አልደነግጥም።

ወሩ ነሐሴ። ቦታው ቢዘርት፣ ከአሮጌው ወደብ ጀርባ ያለው የእናቴ ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት...

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሌሊት ቢሆንማ ሕልም ነው ብዬ በተጽናናሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

እናቴ ሐጃ ዘክያ የሞተችው ጥር ላይ ነው። ቤቷ ኢንሹራንስ ነበረው። ውሉ ባለቤቱ "በቃኝ" ብሎ ካልጻፈ በየዓመቱ ራሱን ያድሳል። የሞተ ሰው ደግሞ በቃኝ ብሎ አይጽፍም።

አርባዋን ባወጣን ሰሞን ስልክ ተደወለ። የኢንሹራንሱ ወኪል ተውፊቅ ነበር። ያነሳው ታናሽ ወንድሜ ነጂብ ነው። ነጂብ ምላሱ ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው ነው። ካልቀለደ እህል የሚወርድለት አይመስለውም። እናቴም እሱን ስታይ ሌላው ልጅ ሁሉ ይጠፋባት ነበር።

ተውፊቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው። ውሉ ሊታደስ ነው፤ ቤቱ ሰው ይኖርበታል ወይስ ተዘግቷል? ሰው የማይኖርበት ቤት ቢቃጠል ቢዘረፍ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ነጂብ ዓይኑን ጠቀሰኝና እናታችን እዚያው እንዳለች ነገረው። ሰውዬው ስለ ጤንነቷ ጠየቀ።

"ደህና ናት" አለ ነጂብ። "አላህ ያቆይልን።"

አክስቴ መብሩካ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። እጇ ቀጥ አለ።

እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ሲነሳ "አላህ ይዘንላት" ነው የሚባለው። "ያቆይልን" በሕይወት ላለ ሰው ብቻ ነው። ሕፃን እንኳ አይሳሳተውም።

"መልሰው" አለች አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያልከውን አሁኑኑ መልሰው።"

ነጂብ ሳቀና ግንባሯን ሳማት። ኢንሹራንስ እንጂ ዱዓ አይደለም አላት። እኔም ሳቅሁ። ቤቱን እስክንሸጠው እሳት ቢበላው ባዶ እጃችንን እንዳንቀር ነው እንጂ ሌላ ምን ክፉ ሐሳብ ነበረን?

አክስቴ ግን አልሳቀችም። ሟች የሚይዛት ካገኘች አታርፍም አለች... ሟችን አስመስሎ የሚመጣም አለ አለች። ቀጥሎ ስለ ባቄላው ዋጋ ማማረር ጀመረችና ነገሩ ተረሳ።

ነሐሴ ላይ ተውፊቅ ለእኔ ደወለ። ደስ ብሎታል። ቤቱን የሚያይ ሠራተኛ ልከው ነበርና እናቴ በክብር ተቀብላዋለች። ቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂም አጠጥታዋለች...

ተማሪዬን ዳር ያዢ አልኳት። ምን አጠፋሁ ብላ ልታለቅስ ደረሰች።

"ማን ናት የተቀበለችው?" አልኩት።

"ሐጃ ናቸዋ። ልጁ ትንሽ ግራ ገብቶት ነበር እንጂ... ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው ያወሩኝ አለ። ዓይናቸውን ያማቸዋል እንዴ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

"ሌላስ?"

"ነጂብ መቼ ነው የሚመጣው... እያሉ ደጋግመው ጠየቁት አሉ።"

ሌባ ናት አልኩ ለራሴ። ቤቱ ባዶ መሆኑን ያወቀች አንዷ ገብታ ተንፈላስሳለች። ግን ቁልፉ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሌባስ የነጂብን ስም ከየት ታመጣዋለች?

ለነጂብ ስነግረው አልቀለደም። መጀመሪያ የፈራሁት ያኔ ነው።

አክስቴ ውሉን ማፍረስ ብቻውን አይበቃም አለች። ቃሉ የወጣበት አፍ፣ ደጇ ላይ ቆሞ፣ ሞታለች ብሎ መመለስ አለበት። እናታችን በነጂብ ቃል ምክንያት መቃብሯ ውስጥ ዕረፍት አጥታ ከሆነ፣ ልጆቿ ካላሳረፍናት ማን ያሳርፋታል?

በማግስቱ ሦስታችን ቢዘርት ሄድን። መጀመሪያ የገባነው ተውፊቅ ቢሮ ነው። የሞት ማስረጃዋን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት። አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አነበበው። የላከው ልጅ የት እንዳለ ጠየቅኩት።

ታሞ ተኝቷል አለ። ብርድ ብርድ ይለኛል እያለ ነው... በዚያ ሙቀት!

ውሉን እዚያው ሰረዘ። ሸኝቶን ሲመለስ በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

ከበረሃ የሚመጣው ንፋስ ከተማውን እንደ ዳቦ መጋገሪያ አድርጎታል። ምሳ ተበልቶ ሰው ሁሉ የመስኮት መዝጊያውን ዘግቶ ተኝቷል። የእናቴ ሰፈር ውስጥ ድመት እንኳ አይታይም።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ደጃፉ ላይ ነው።

እርጥብ ነው...

አሁን ታጥቦ ያለቀ ነው የሚመስለው። እናቴ የምትወደው አረንጓዴ ሳሙና ይሸታል። የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ቆጣሪውን ነቅለው ከወሰዱት ቆይተዋል። ቧንቧው ባዶ ነው።

ቁልፉን ከተትኩ። በሩ አልገፋ አለ። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"እንሂድ" አለ ነጂብ በሹክሹክታ።

"ተናገር" አለች አክስቴ።

"አልችልም..."

"እናትህ አይደለችም እንዴ? አሳርፋት።"

ነጂብ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እውነቴን ነው፣ አባታችን ሲሞት እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

"እማዬ... ሞተሻል እኮ" አለ። "ቀብረንሻል። ዋሽቼ ነው። አላህ ይዘንልሽ እማዬ... ሂጂ እረፊ።"



ከዚያ ከውስጥ ልቅሶ ተሰማ።

ቀስ ያለ፣ የደከማት ሴት ልቅሶ ነው። ከበሩ ማዶ፣ ልክ በነጂብ ግንባር ትይዩ።

ፍርሃቱ ሁሉ ጠፍቶ እናቴ ብቻ ታየችኝ። ብቻዋን፣ ጨለማ ውስጥ፣ ልጇ ሞተሻል ያላት እናቴ። በሩን ልደበድብ እጄን ሳነሳ አክስቴ ያዘችኝ።

"ወሲላ" አለች ጆሮዬ ሥር። "ይሄ የእህቴ ድምፅ አይደለም።"

አዳመጥኩ። ድምፁ የእናቴ ነው። ግን ሰው ሲያለቅስ መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል። ያ ልቅሶ ትንፋሽ አልወሰደም...

ሳይቋረጥ ይቀጥላል... ይቀጥላል...

ድንገት ቆመ።

የበሩ መቀርቀሪያ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቀስ ብሎ።

አልጠበቅንም። ነጂብን ግራና ቀኝ ይዘን ቁልቁል ወረድን። አክስቴ ቁርዓን ትቀራለች። ነጂብ ይጎተታል እንጂ አይራመድም።

"ወደ ኋላ እንዳታዩ" አለች አክስቴ።

ከኋላችን፣ ከላይ፣ የመስኮት መዝጊያ ሲከፈት ሰማሁ።

ከዚያ ውሃ ተደፋ...

እኛ ዘንድ ለሚሄድ ሰው ከኋላው ውሃ ይደፋለታል፤ ተመልሶ እንዲመጣ። የሚሄደውን መልሶ ማየት የሚፈልግ ነው የሚደፋው።

ውሃው ድንጋዩ ላይ ተንዶልዱሎ ደረሰብን። የእኔን እግር አልነካም። የአክስቴንም አልነካም። በመካከላችን ሾልኮ የነጂብን ቀኝ ተረከዝ ብቻ አራሰና ቆመ።

ይኸው ዓመት ሆነ። ቤቱን ልሽጥ ያለ የለም፣ ወደዚያ ሰፈርም ዝር ያለ የለም። ነጂብ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ቀልድ የሚባል ነገር ከአፉ ጠፍቷል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ተነስቶ በሩ አጠገብ ይቆማል።

"ጫማዬን ስጪኝ" ይለኛል። "እየጠበቁኝ ነው።"

እነማን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ወንድሜ ነው፤ መልሱን ብሰማ አብሬው የማድር አይመስለኝም።

የዚያን ቀን አድርጎት የነበረውን ጫማ ግን ደብቄበታለሁ። ጣሪያው ላይ ነው፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚመታው ቦታ።

ይህን ልጽፍ ከመቀመጤ በፊት ወጥቼ ነካሁት።

ግራው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ቀኙ ውሃ ያንጠባጥባል...