መልሱን ያላነበበው እጅ

ሥራ አስኪያጁ ከሕንፃው ጣሪያ ወድቆ የሞተው ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ጥበቃው ሰዓቱን አይስትም፤ ሬሳው ያረፈው ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ነበር።

መርማሪዋ ጣሪያው ላይ ወጣች። ሟቹ በየቀኑ ሲጋራውን ይዞ የሚቆምበት አጥር ከወገብ በላይ ነው። አንዱ ጫማው ከአጥሩ ወዲህ ቀርቷል።

«በራሱ አልወደቀም» አለች። «እግሩን ይዞ የገለበጠው ሰው አለ።»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው። ሸሪኩ ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቆ ስለነበር ላብ አጥምቆታል።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም። ግን በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ያውም ኢንተርኔቱ እየተንቀራፈፈ አበሳዬን አሳየኝ።»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ለደንበኛ ትልቅ ፊልም በኢንተርኔት እየላክሁ ነበር።»

ሦስተኛው የሰርቨር ባለሙያው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለማያውቅ «ጨዋው» ይሉታል።

«ብቻዬን ዌብ ሰርቨር፣ ገጹን ለሕዝብ የሚያሳየውን ሶፍትዌር፣ ስተክል ነበር» አለ። «የሟቹ ፕሮግራም ከነፎቶግራፉ በስድስት ሰዓት ለሕዝብ ይከፈታል።»

«እንዴት ነው የሚተከለው?»

«የሚገዛ ነገር የለውም። ማንም በነፃ የሚወስደው ሶፍትዌር ነው፤ ከኢንተርኔት አወርዳለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አስነሳለሁ። ሰርቨሩ የጻፍኩትን ትዕዛዝ ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ ይኸው አትሜዋለሁ።»

ሳይጠየቅ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ለመርማሪዋ አይጥማትም። «ሰርቨሩ የመለሰልህስ የታለ?»

«እሱ ምንም አይጠቅምዎትም።»

«ፕሮግራሙን የጻፈው ሟቹ ነው?»

«እሱ እንደዚያ ይል ነበር» አለ ጨዋው፤ መንጋጋው ግን ጠበቅ አለ።

መርማሪዋ አንድ የሙያው ሰው በስልክ እየመራት የሰርቨሩን መልሶች ራሷ አወጣች። ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀር ሁሉንም ሰርቨሩ ክፍል ሰበሰበች።

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ለሃያ ደቂቃ ትዕዛዝ ተጽፏል። በየሠላሳ ሴኮንዱ፣ ዝንፍ ሳይል። ኢንተርኔቱ ግን ስለተንቀራፈፈ ሶፍትዌሩ ገና አልወረደም። ‹አስተካክል› ሲባል ሰርቨሩ ‹የለም› አለ። ‹አስነሳ› ሲባል ‹የለም› አለ። አሥራ አንድ ጊዜ! ወንበሩ ላይ ሰው ቢኖር በሁለተኛው ቆም ብሎ ኢንተርኔቱን ይራገም ነበር።» ወደ ጨዋው ዞረች። «ትዕዛዞቹን ቀድመህ ጽፈህ፣ በየተራ ራሳቸው እንዲሄዱ ትተህ ጣሪያ ወጣህ። በግርግሩ መሀል ተመልሰህ ሁሉንም እንደ አዲስ በእጅህ ሠራኸው።»

«ኢንተርኔቱን አላሰብኩትም» አለ ጨዋው፣ ሳይደነግጥ።

«በስልክ የመራኝ ሰው ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አገኘው፤ ፕሮግራሙን ከስድስት ዓመት በፊት በነፃ የለቀቀችው አንዲት ሴት ናት። የአባቷ ስም ካንተ አባት ጋር አንድ ነው።»

«እህቴ ናት። ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ሽጡትም አለች። የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ ስሜን አታጥፉት። እሱ ፍቆ የራሱን ጻፈበት። የሞት አልጋዋ ላይ ሆና ስትጽፍለት ‹አላውቅሽም› አላት። እዚህ የተቀጠርኩት በተቀበረች በወሩ ነው።» ቂሙ አሁን ድምፁን ከፍ አደረገው። «አልጸጸትም። ከመገልበጤ በፊት ስሟን በጆሮው ነግሬዋለሁ። አሁን ያውቃታል።»

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ጨዋው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ ያይ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሞላ፤ የፕሮግራሙ ገጽ ስክሪኑ ላይ ተከፈተ። የሟቹ ፎቶግራፍ ይወጣበታል በተባለው ቦታ አንድ የሴት ስም ብቻ ተጽፎበታል።

ሸሪኩ ሊያጠፋው ሲንጠራራ መርማሪዋ እጁን ያዘችው።

«ይተዉት። ስሙ ትክክል ነው።»

ጨዋው ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።