የአጣቢዋ ሸክላ

ማክሰኞ ኅዳር ስምንት ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነፍሷን ይማርና ታላቅ እኅቴ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ወጥታ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ ሻምበል የዘፈን ሸክላ ወደሚያስቀዱበት ክፍል ገባች፤ እኔም ከኋላዋ። ዘመኑ ወጣቱ ሁሉ ጸጉሩን አጎፍሮ፣ ሱሪውን ከታች አስፍቶ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲሰማ እህል ውኃ የሚረሳበት ነበር፤ የአባቶችን ዜማ ከጊታር ጋር ያጋባ ግን ገና አልተገኘም።

የእኛን ዜማ ያገኘው የሆቴሉ ጊታር መቺ ነው፤ ጸጉሩ ከሱ ቀድሞ በበር ስለሚገባ “ጎፈሬ” እንለዋለን። ማጠቢያ ቤቱ ከዳንስ አዳራሹ ሥር ነበርና፣ አንዷ በዚያ አንዷ በዚህ ጫፍ ይዘን አንሶላ ስንጠመዝዝ የምንዘፍነውን ሰምቶ አንድ ቀን ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ዜማው የቆየ ነው፤ ይህን ስንኝ ግን የጨመረችው እኅቴ ናት፤

ያዢልኝ በዚያ ጫፍ፣ በዚህ ጫፍ ልያዘው፤
ለብቻ አይጨመቅም፣ እንባ ያረገዘው።

“ማናት ይህን ያለችው?” አለ።

“ወፍጮ ናታ!” ብለው ሴቶቹ ሳቁ። የእኅቴ ድምፅ ሻካራ ነበር፤ በልጅነቷ ከመዘምራኑ መካከል “አንቺ አፍሽን ብቻ ክፈቺ፣ ድምፅ እንዳታወጪ” ተብላለች፤ ወፍጮ የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ተጣብቆባት ቀረ። ጎፈሬ ግን ስንኙንም ድምፁንም ወድዶ፣ ሸክላ እንድትቀዳ ሻምበል ዘንድ አስጠራት።

ሻምበል ከጦሩ በጡረታ የተሰናበቱ፣ የመቅጃ ክፍሉንም እንደ ምሽግ የሚያዝዙ ሰው ነበሩ። እኅቴ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች፤ እጇን የምታሳርፍበት አጣች። ጊታሩ ይነሣል፣ ከበሮው ይከተላል፣ እሷ ስትገባ ግን ድምጿ እንደ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ደግመው ደጋግመው ሞከሩ።

“እመቤት፣ ድምፅዎን ቤት ረስተውት መጡ እንዴ?” አሉ ሻምበል።

“ኧረ ይዤው መጥቻለሁ፤ እርስዎን ፈርቶ ነው።”

“እንግዲያው እስከ ምሳ ልብ ይግዛ፤ አለዚያ ዘፈኑን ለማር ጉሮሮ እሰጠዋለሁ።”

ማር ጉሮሮ የሆቴሉ ዘፋኝ ናት፤ ድምጿ ጥርት ያለ ነው፤ ተጠርታ መጥታ ከደጅ ወንበር ላይ ጥፍሯን ትሞርዳለች። የእኅቴ ፊት ዐመድ መሰለ። ስንኟ በሌላ ሰው አፍ ሊወጣ፣ እሷም እንደ ልጅነቷ ዝም ልትል ነው።

እጇን አየሁት፤ ሽርጧን ይጠመዝዛል። ያኔ ገባኝ። ድምፅ እንዳያስተጋባ በየግድግዳው ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል፤ አንዱን ጎትቼ አወረድኩና ወለል ማጽጃው ባልዲ ውስጥ ነከርኩት።

“መጋረጃዬን! የማናት ይቺ እብድ?” ብለው ሻምበል ጮኹ።

“የእኔ ናት” አለች እኅቴ፣ ጫፉን እየተቀበለችኝ። “ጎፈሬ፣ ምታ!”

ጠመዘዝን። ስንኙ ከጨርቁ ጋር ይጠብቃል፣ ጨርቁ ሲላላ ትንፋሿን ትስባለች፤ ከበሮ መቺው ዓይኑን ከእጃችን ሳይነቅል መታ፤ ጎፈሬም ጊታሩን ከድምጿ ሥር አስገብቶ አስጮኸው። ያ ሻካራ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ውኃው እስከ ሻምበል ጫማ ድረስ ፈሰሰ፤ እሳቸው ግን እግራቸውን አላነሡም። ዘፈኑ ሲያልቅ ማር ጉሮሮ በሩ ላይ ቆማለች።

“ሻምበል፣ እኔን ወደ ቤቴ ይስደዱኝ” አለች። “ይህ የሷ ነው።”

ሸክላው በጥር ወጣ። በዚያው ሰሞን የአውቶቡስ ሾፌሮች ሥራ አቁመው ከተማው በሙሉ በእግሩ ይሄድ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው “ጆሮ ይፍቃል” ብሎ መልሶት ነበር፤ ሸክላ ሻጮቹ ግን ድምፅ ማጉያቸውን ከደጅ ሰቀሉት፤ በአንዱ የመንገድ ዳር የሚሄደው “ያዢልኝ በዚያ ጫፍ!” ሲል ማዶው ይቀበለዋል፤ ጸሐፊው፣ ግንበኛው፣ ነርሷ፣ ሁሉም በእኅቴ ትንፋሽ ልክ ይራመዳል። ሬዲዮውም አፍሮ ጠዋት ማታ ያሰማው ጀመር።

አንድ ቀን ሕዝቡ ማጠቢያ ቤቱን ከቦ “ወፍጮን አውጡልን!” አለ። አረፋው ከክንዷ ሳይደርቅ ወጣች።

“ምነው? አንሶላ ልታግዙኝ ነው?”

መንገዱ በሳቅ ተናወጠ፤ እሷም ያለ ማይክሮፎን፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለቀቀችው። በዚያ ስም የጠሩዋት ሁሉ በኩራት ነበር የጠሩዋት፤ እኔም በዕድሜዬ ሰው እንዲያ ሲከብር አላየሁም።

የዘመኑን ሙዚቃ የጻፉ ሰዎች ስለ ጎፈሬ ጊታር ብዙ ብለዋል፤ ስለ ሴትዮዋ “ስሟ ያልታወቀ አጣቢ” ብለው አልፈዋል። ታሪክ የሸክላውን ወረቀት ያነብባል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የባንዱ ስም ብቻ ነው። ድምፁን ግን ማንም ሊያጠፋው አልቻለም።

እኅቴ ሌላ ሸክላ አልቀዳችም፤ ጠያቂ አጥታ ሳይሆን “ያልኩትን ብያለሁ” ብላ ነው። ሻምበል ሁለት ጊዜ መኪና ላኩባት፤ ሁለቱንም ጊዜ ባዶውን ተመለሰ።