እሹሩሩ ያላስተኛችው ሰው

የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሠራተኞች «እሹሩሩ» ይሏታል። ሰመመን ሰጪ ሐኪም ናት፤ ስንቱን ጉልበተኛ እንደ ሕፃን አስተኝታዋለች። በቅጽል ስሙ አብራቸው ትስቃለች፣ በሥራው ግን ቀልዳ አታውቅም። ያ ሁሉ ሰው ከየት እንደሆነ እንጃ ተመልሶ፣ የልጆቹን ስም ሳይስት ሲጠራ በሰማች ቁጥር እንደ አዲስ ትደነቃለች።

አንድ ጠዋት የሐሞት ጠጠር የሚያሰቃየው ወጣት ከእናቱ ጋር ቢሮዋ ገባ። የድልድይ መሐንዲስ ነው፤ ያለ ስሌት እግሩን የሚያነሳ አይነት ሰው አይደለም። ስለ ልቡ፣ ስለ ሳንባው ጠይቃው ስትጨርስ ተራው የእሱ ሆነ።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱ ሰውን ራሱን የሚያስተው እንዴት ነው?»

ሌላ ሐኪም ቢሆን በከባድ ቃላት አደንቁሮ ይሸኘው ነበር። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ልኩን እናውቃለን፤ አንጎል ውስጥ የት የት እንደሚሠራም ብዙ ደርሰንበታል። ሰው ራሱን የሚያውቀው እንዴት እንደሆነ ግን ገና አልገባንም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ላስረዳዎት አልችልም።»

የእናቱ ፊት ተለዋወጠ። ባላቸው ከዓመታት በፊት ለቀዶ ሕክምና ተኝተው በዚያው የቀሩ ናቸው። መሐንዲሱ አመስግኖ ወጣ፣ ቀጠሮውንም ሰረዘ። አለቃዋ በሽተኛ አባረርሽብኝ ብሎ ወረደባት፤ እሷም አፌን ብይዝ ምን ነበረበት እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች።

እሱ ግን ተመልሶ መጣ፣ ለሕክምናው ሳይሆን ለጥያቄው። ሻይ ቤት የጀመሩት ወሬ በሌላ ቀን ቀጠለ፣ ደግሞ በሌላ ቀን። «አላውቅም» ሲል የማያፍር ሐኪም አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» የመጣው መቼ እንደሆነ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ዓይኑ ቢጫ መሆን ሲጀምር ግን ነገሩ ለወሬ ጊዜ የሚሰጥ አልሆነም። እሷ ለመነችው፣ እናቱ አለቀሱ። በመጨረሻ እሺ አለ፤ የሚተኛው ግን በእሷ እጅ ብቻ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ ሲጠብቃት፣ ሽበታም ሐኪም አስከትላ ገባች።

«እኔ አላስተኛህም» አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። «ምን አገኛችሁብኝ?»

«አንተ ላይ ምንም። እሳቸው እኔን ያስተማሩ ናቸው። እኛ ዘንድ ዘመድ ዘመዱን አያስተኛም፤ ማሽኑን ማየት ትቶ ፊቱን ነው የሚያየው።»

«እኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የተዛመድነው?»

ሽበታሙ ሐኪም አዋቂ ናቸው፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አሁን እምቢ ብሎ ቢነሳ በሕይወቱ እንደሚጫወት ታውቃለች። ደግሞ ዋሽታው አታውቅም።

«እወድሃለሁ» አለች። «ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት እንዳትለኝ፤ አላውቀውም።»

ሁሉን ሲጠይቅ የኖረው ሰው እጇን ያዘ፣ ቆይቶም ለቀቃት። «እንግዲያውስ እሳቸው ያስተኙኝ» አለ።

ነጩን ጋዋን አውልቃ ኮሪደሩ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀመጠች። እናትየው ደንግጠው አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ እዚህ ከሆንሽ እሱን ማን ይጠብቅልኛል?»

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እናትየው አንድ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ። ከበሩ ወዲያ በየደቂቃው የሚደረገውን ታውቀዋለች፤ ማወቋ ግን ቅንጣት አላሳረፋትም። የመጠበቅን ጭንቀት ገና ዛሬ ቀመሰችው።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና አንዲት አዲስ ነርስ ብቅ አለች።

«ነቅቷል። እናቴንና ባለቤቴን ጥሩልኝ እያለ ነው። ባለቤት የለኝም ብሎ ነበር የገባው፤ ሰመመኑ ገና አልለቀቀውም መሰለኝ።»

«ለቆታል፣ ልጄ» አሉ እናቱ፣ እሹሩሩን ወደ በሩ ገፋ እያደረጉ። «ግቢ፣ አንቺ ቅደሚ።»