በሩ ላይ የቆመው ጆንያ

ዶርቃ የሣለችው ጆንያ ነው። ፊት የለው፣ እጅ የለው፤ ከላይ ሁለት ጆሮ፣ ከታች ሁለት ጆሮ ያለው፣ እስከ ግማሹ የተሞላ የጤፍ ዱቄት ጆንያ። መማል ሃይማኖቷ አይፈቅድላትም እንጂ፣ «ሰው አልሣልኩም» ብላ ትምል ነበር።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የጋሼ መንግሥቱ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ተማሪዎች የሦስት ወር ሥራቸውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እያሳዩ ነበር። ተራዋ ደረሰና ጆንያው ከግራ በኩል ገባ። ግራ ጎኑን ዝቅ፣ ቀኙን በየእርምጃው ወደ ፊት ወርወር እያደረገ ሄደ። አንድ በር ጋ ሲደርስ ቆመ። አየር ስቦ አበጥ አለ። በላይኛው ጆሮው ደረቱን ጠረግ ጠረግ አደረገ። ከዚያ ገባ። ነገሩ በሙሉ ስምንት ሰከንድ ነው።

«እንዴ! ፍራኦል!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ራሱ ነው! ትከሻውን እዩት እስቲ!»

«ወይኔ ጌታዬ፣ ቁርጥ እሱን!»

ዶርቃ ክው አለች። ወደ ግድግዳው ዞራ ጆንያውን አየችው። ፍራኦል ነው። ዘጠና ስድስት ወረቀት በገዛ እጇ ስትሥል ያላየችውን፣ አሁን ሁለት መቶ ሰው ከሳቀበት በኋላ አየችው።

ፍራኦል አዳራሹ ጥግ ነበር፤ አራት ተጣጣፊ ወንበር በእጁ ይዞ ቆሟል። አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሏል። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወጣ።

ፍራኦል ጋርዴና ከተማ ካለ መጋዘን በየማክሰኞው ጤፍ ዱቄትና ቅመም እየጫነ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ወዳለው የእትዬ ዘቢደር ሱቅ የሚያመጣ ሹፌር ነው። ዶርቃ እዚያው ሱቅ ሒሳብ ተቀባይ ናት። በአንድ ዓመት ውስጥ ጆንያ ሲቆጥሩ የተነጋገሩት ተጠራቅሞ አንድ ገጽ አይሞላም።

«ሃያ ነው?»

«ሃያ ነው።»

«ኦኬ።»

«ኦኬ።»

ጋሼ መንግሥቱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አንድ የካርቱን ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ሌሎች በሣሏቸው ሥዕሎች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ እየሣሉ ሲሞሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን በነፃ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ዶርቃ ቆንጆ ሴት ልትሥል ተዘጋጅታ መጣች።

«ሰው ገና ነው፣» አሏት። «ሰው ፊቱን አስቆ ያታልልሻል። ጆንያ ፊት የለውም፤ ደስታውንም ሐዘኑንም በአካሉ ካልነገረሽ ሌላ መንገድ የለውም።»

የመጀመሪያ ጆንያዋን ሲያዩ ግንባራቸውን ያዙ።

«ልጄ፣ ይሄ ፍሪጅ ነው! ክብደቱ የታለ? ሲረግጥ ይጨመቃል፣ ሲነሣ ይሳባል። ከመዝለሉ በፊት ዝቅ ይላል። ሳይሰናዳ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ደግሞ አካሄድ አትፍጠሪ። የምታውቂውን ሣዪ።»

ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ወረቀት በወረቀት እየደረበች፣ በጣቷ እያገላበጠች፣ የምታውቀውን ሣለች። የማን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም።

አዳራሹ ከተበተነ በኋላ ጋሼ መንግሥቱ የፕሮጀክተሩን ሽቦ እየጠቀለሉ፣ «ማንን እንደሣልሽ አታውቂም ነበር?» አሏት።

«ጆንያ ነው ያሉኝ እርስዎ!»

«በሩ ላይ በስንት ሥዕል አቆምሽው?»

«በሃያ አራት።»

«ሁለት ሰከንድ ሙሉ! ምን ሲያደርግ ነው?»

«ሸክም ከብዶት… ትንፋሽ ሲሰበስብ።»

«እህ፣» አሉ ጋሼ መንግሥቱ። ሽቦውን መጠቅለል ቀጠሉ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘቢደር ስልካቸውን እንደዘጉ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ልጅ ምን አደረግሽው?»

«ምን ሆነ?»

«የነገው የመጨረሻው ነው። ሎንግ ሆል፣ የሩቅ መንገድ ጭነት ሥራ፣ አፕላይ አድርጎ ነበር፣ ተቀብለውታል። ቴክሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ምኑን አውቄው! ሲያመነታ ከርሞ ትናንት ቆረጥኩ ብሏል።»

ዶርቃ በእጇ የያዘችውን የበርበሬ ፓኮ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ፍራኦል የማይመጣበትን ማክሰኞ ልታስበው ሞከረች፤ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ማክሰኞ መኪናው በጓሮ በኩል መጣ። ከሒሳብ ማሽኑ አጠገብ የጓሮውን በር የሚያሳይ ትንሽ የካሜራ ስክሪን አለ። ዶርቃ ዓይኗን ተከለችበት። ፍራኦል ጆንያ ተሸክሞ ወረደ፤ በሩ ጋ ደረሰ፤ ሳይቆም ገባ።

ልቧ ዝቅ አለ። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እንዲህ አላደረገም።

«ሃያ ነው፣» አለ፣ ሳያያት።

«ፍራኦል፣ ስለ ትከሻህ ይቅርታ። ጌታ ያውቃል፣ ልቀልድብህ ብዬ አይደለም።»

«ትከሻዬ ምን ሆነ?»

«ሰው ሲስቅብህ…»

«በትከሻዬ እናቴም ትስቃለች። ከቆመ መኪና ላይ የወደቅኩ ሰው እኮ ነኝ! እኔን ያስደነገጠኝ በሩ ነው።»

«የቱ በር?»

«የጓሮው። መስኮት የለው፣ ሰው የለው። እዚያ መቆሜን እንዴት አወቅሽ?»

ዶርቃ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። መኪናው አለ፤ በሩ አለ፤ ከበሩ ፊት እሱ የሚቆምበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፍራኦል ደርቆ ቀረ።

«ይሄ… ሁልጊዜ ይሠራል?»

«ሁልጊዜ።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ወይ ጉዴ! ወይ ጉዴ!»

«ምን ችግር አለው? ሃምሳ ፓውንድ ተሸክሞ ትንፋሽ የማይሰበስብ ማን አለ?»

«ዶርቃ፣ ባለፈው ሳምንት ልታስፈርሚኝ የረሳሽውን ደረሰኝ ይዤ ስመለስ ምን ተሸክሜ ነበር?»

አስታወሰች። በእጁ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች። ግን ቆሟል። አየር ስቧል። ሸሚዙን ጠረግ ጠረግ አድርጓል። ከዚያ ነው የገባው፤ እሷ ወዳለችበት። ሃያ አራቱ ሥዕሎች አንድ በአንድ በዓይኗ ዞሩ፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«እዚያ ቆሜ፣ ዛሬስ ሌላ ነገር እላታለሁ እላለሁ፣» አለ ፍራኦል ወለሉን እያየ። «ከዚያ እገባና ‹ሃያ ነው› እላለሁ። ሶ፣ ያንን በሰው ሁሉ ፊት ሳይ፣ አውቀሽ የቀለድሽብኝ መሰለኝ።»

«አላወቅኩም።»

«ሥለሽው?»

«ሥዬው።»

«እኔ ግን አውቃለሁ!» አሉ እትዬ ዘቢደር ከቅመም መደርደሪያው ኋላ። «ካሜራው የማን መሰላችሁ?»

ፍራኦል ጆሮው ድረስ ቀላ። «ቀሪውን ላምጣ። ቴክሳስ… ነገ ነው የምፈርመው፣» ብሎ መልሷን ሳይጠብቅ ወጣ።

ዶርቃ ወደ ስክሪኑ አልተመለሰችም። በመተላለፊያው አልፋ ወደ ጓሮው በር ሄደች። እጀታው ጋ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። አየር ሳበች። ቀኝ እጇ ሽርጧን ጠረግ ጠረግ ሲያደርግ ዓይኗ አረፈበት፤ እንደገና ክው አለች። ይህ እጅ በስንት ማክሰኞ እንዲህ አድርጎ ይሆን? እሷ ያለችበትን የሚያሳይ ካሜራ አልነበረም።

በሩን ከፈተችው።

ፍራኦል ጆንያውን ተሸክሞ በሩ ፊት ቆሞ ነበር፤ ግራ ጎኑ ዝቅ ብሎ፣ ደረቱ በሳበው አየር ተነፍቶ።

«ነገ እንዳትፈርም፣» አለችው።

ጆንያውን ከትከሻው ቀስ ብሎ አወረደ።

«ኦኬ፣» አለ።